ሉል

ሙሐረቅ፣ አሮጌው የዕንቁ ነጋዴ ቤት፣
አሁን ሙዚየም ነው፤ እኔ ነኝ ጽዳት።
ወለሉን ጨርሼ ወደ መስታወቱ፣
የሰው ጣት ይበዛል በየሣጥን ፊቱ።
እፍ ብዬበት፣ በጨርቅ ስወለውል፣
ከሥሩ ወረቀት፣ ከጎኑ ትንሽ ሉል።

የማኅተሙ አንበሳ ያገሬ መስሎኝ
ቀረብ ብል፣ የእንግሊዝ አንበሳ ሆነብኝ።
ፈረንጅኛው አልፎኝ ዐረብኛው ገባኝ፤
ልጅ ሆኜ ቁርአን መቅራቴ በጀኝ፦

«ስም፦ ፊሩዝ።
ሥራ፦ ጠላቂ።
አባት፦ አይታወቅም።
አገር፦ ሐበሻ።
ምልክት፦ በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ።
ከዛሬ ጀምሮ ነጻ ነው፤ ማንም እንዳይነካው።»

ፊሩዝ ማለት ድንጋይ፣ የቀለበት ፈርጥ፤
ሰውን ገዝተው ሲያበቁ የጠሩት በጌጥ።
እናቱ ያወጣችው ስም የት እንደወደቀ
ከጀልባው ቀዛፊ ማን ነው የጠየቀ?
ታጁራ ይሁን ወይ አፋር በረሃ ላይ፣
ስም አጥንት የለውም፣ አይገኝ ቢታይ።

ነጻ ያወጣው ቆንሲሉ ነው አሉ፤
ደግ ሰው ነበር ይላል የግድግዳው ጽሑፍ ሁሉ።
መድፍ የጫነ መርከብ ከደጁ አቁሞ፣
ለሼኹም ወረቀት አዘጋጀ ደግሞ፦
«መሬት ለሌላ አትስጥ፣ እንግዳ አታስገባ፣
ደብዳቤህም ቢሆን በእኛ በኩል ይግባ።»
ባንድ ወንበር ቁጭ ብሎ፣ ባንድ ብልቃጥ ቀለም፣
ለባሪያው ነጻነት፣ ለባሕሩ ልጓም።

ሉል በኛ ቋንቋ ሁለት ነው ፍቺው፤
አንዱ ከዛጎል ሆድ በቢላ የሚወጣው፣
አንዱ ጠረጴዛ ላይ በጣት የሚዞረው።
ፊሩዝ ለፊተኛው ጠልቆ ጆሮው ደማ፤
ቆንሲሉ ኋለኛውን በማስመሪያ ቀማ።
ከባሕር የወጣው ቦምቤይን ተሻግሮ
ለንደን አንገት ላይ አደረ ተደርድሮ።

ወረቀቱን አጥፎ፣ በቆርቆሮ ሸጉጦ
ወዴት ሄደ ፊሩዝ? ከማን ቤት ተቀምጦ?
እዚያው ወደ አለቃው፣ እዚያው ወደ ጀልባ፤
ነጻ ሰው ይርበዋል፤ በብድር ሩዝ ገባ።

ጠላቂዎች ከዕዳ በሌሊት ሲሸሹ
ዝም ያለ ባሕር ነበር የእንግሊዝ ምሱ፤
ደብተር ገለጠና አዘዘ፦
«ጠላቂ በሙሉ ባለቃው ስም ይጻፍ፤
እሱ ሳይፈታው ሌላ ጀልባ አይለፍ።»
ኋላ ሉል ረከሰ፣ ዘይት ከሥር ፈላ፤
ጀልባውን ምስጥ በላው፣ ደብተሩ አልተበላ።

ያን ደብተር አውቀዋለሁ።
ዛሬ ከፊል ይሉታል።
በዐረብኛ ዋስ ማለት ነው፣ ባማርኛ ግማሽ።
ያማርኛው ይሻላል፤ እውነቱን ይናገራል፦
ፓስፖርቴ በመሳቢያው፣ ግማሼ እሱ ዘንድ ያድራል።

ዘበኛው ሞይዱ የማላባር ሰው ነው፤
አያቱም በዚያ አንበሳ ሥር ጸሐፊ የነበረው።
ፈረንጅኛውን ዛሬ እሱ አነበበልኝ።
አንድ መስመር አለ፣ ከታች፣ በደቃቁ፣
ዐረብኛው ላይ የሌለ፦
«ባለቤቱ ሲሞት ይህ ወረቀት ይመለስ።»

ለካስ ተመልሷል።

ጠላቂ ባንድ ትንፋሽ
እስከ መቶ ይቆጥር ነበር ይላል ግድግዳው።
አፍንጫዬን ይዤ ቆጠርኩ።
አርባ ሁለት ላይ አቃተኝ፤
ያመለጠኝ ትንፋሽ መስታወቱን ጉም አለበሰው፤
ፊሩዝም፣ አንበሳውም፣ ሉሉም ተሸፈኑ።
ሞይዱ መብራት እያጠፋ መጣ።
ጨርቁ እጄ ላይ ነበር።
ይደር፤ ነገ ይጸዳል።